ሪባን ያሰረ አይቀመጥም

የወንድሜ ሚስት ቁጭ ስትል ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። እኔ ከሙሽርነቷ ጀምሮ የማውቃት፣ አንድ ጣሪያ ሥር አብሬያት የማድር እንኳ ተቀምጣ ያየሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ዳቦዋን ቆማ ትገምጣለች፣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፣ ሆድ ሲብሳት እንኳ በር ተደግፋ ነው የምታለቅሰው። አብረውን የሚሠሩት ሴቶች «አንቺ ሴትዮ፣ እንዲሁ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ሥራዋን ሳታቆም «እናንተስ ተቀምጣችሁ ምን አገኛችሁ?» ትላቸዋለች።

በስሟ የሚጠራትም የለም። ካውያ ነው የምንላት። የምንሠራው ልብስ እጥበት ቤት ነው፤ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን። እኔ ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጋር ነኝ፣ እሷ ከወዲያ ጫፍ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጋር። ስሙ ከሥራዋ ቢመጣም ለጠባይዋም ልክክ ብሏል፤ ላዩን ስታዩት ቀዝቃዛ ይመስላል፣ የነካው ግን ጮኾ ነው የሚመለስ። አለቃችን በመተኮሻው በኩል ወንበር አያስቀምጥም። «ተቀምጠው የተኮሱት አንሶላ ጠርዙ አይወጣም» ይላል። እሱ ራሱ አንድም አንሶላ ተኩሶ አያውቅም፤ ይህን ሲናገርም ከወንበሩ አይነሳም። የካውያ እግር የደም ሥሩ እንደ ገመድ ተገታትሯል፤ የወንድ ካልሲ እስከ ጉልበቷ ስባ ትሸፍነዋለች፣ ስለ እግሯ ከጠየቋት ደግሞ ወሬ ትቀይራለች።

ወንድሜ ሾፌር ነበር። ልጃቸው ገና ስትድህ፣ አንድ ቀን ከመንገድ ሳይመለስ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ እኔ እህቱ ለጥቂት ቀን ላጽናናት ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ቤቷ ገባሁ፤ ሻንጣዬ እስከ ዛሬ አልጋው ሥር ነው። ያኔ ዘመድም ጎረቤትም እንርዳሽ ሲላት «እጅ አለኝ፣ እግር አለኝ» ብላ መለሰች። በነገታው ሥራ ገባች። የሰው እጅ ማየት የሚባለውን ነገር ከሞት አስበልጣ ትፈራለች። እኔን እንኳ ያስጠጋችኝ የቤት ኪራዩን እንድንጋራ ተስማምተን ነው እንጂ፣ ላግዝሽ ብያት ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ታስወጣኝ ነበር።

ልጅቷን ፌንጣ ነው የምንላት። ደረጃውን አንድ በአንድ ወርዳው አታውቅም፤ ሁለቱን ሦስቱን ዘላ ነበር የምትወርደው። አንድ ሰሞን መዝለሉን ተወች። ቀጥሎ ደረጃው መሃል ላይ ቁጭ ማለት ጀመረች፣ «ደክሞኝ አይደለም፣ እያሰብኩ ነው» እያለች። ከንፈሯ ሲጠቁር ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተሩ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለን። ቀዶ የሚጠግናት ሐኪም አለ፤ ሐኪሙ ሲቀድ በልቧ ፋንታ ደም የሚያዘዋውረው ማሽን ነው የሌለው። ማሽኑ ከተገዛ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዷ እሷ ናት። «ካልተገዛስ?» አልኩት። ዶክተሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ካውያ የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች፤ ነገሩ ገብቷታል።

ሆስፒታሉ የዩኒቨርሲቲው ነው። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ለሕፃናቱ ክፍል ገንዘብ የሚያሰባስቡበት የዳንስ ማራቶን የሚሉት ነገር አላቸው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ተናድጄ ነበር። እዚያ ማዶ ትንፋሽ ያጠራት ልጅ ተኝታለች፣ እዚህ ማዶ ጎረምሳው ይዘላል፤ ምን ያገናኘዋል? ሕጉን ሲያስረዱኝ ትንሽ ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም አይቀመጥም። መደነስ ያቃተው ይወዛወዛል፣ መወዛወዝ ያቃተው ይገተራል፣ መቀመጥ ግን የለም። ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የታመመ ልጅ ይመርጥና በዚያ ልጅ ስም ይደንሳል፣ አባላቱም አንድ ዓይነት ሪባን እጃቸው ላይ ያስራሉ። ሰው ገንዘብ ለመስጠት ቃል የሚገባው ቡድኑ ለቆመበት ሰዓት ነው። ሪባን ካሰሩት አንዱ ከተቀመጠ ቡድኑ በሙሉ ይወጣል፣ የቀረው ሰዓት ገንዘብም ይቀራል። ማንም እንዳይፈተን ደግሞ በዋዜማው የአዳራሹን ወንበር ሁሉ ለቅመው መጋዘን ውስጥ ይቆልፉበታል። እንግዳ መጥቶ የት ይቀመጥ ብሎ ያሰበ የለም፤ ወጣት ሲባል እንዲህ ነው።

በዚያ ዓመት ገንዘቡ ለማሽኑ እንዲውል ተወሰነ። ከቡድኖቹ አንዱ ፌንጣን መረጠና ለማስፈቀድ ቤታችን መጡ። መሪያቸው የሕክምና ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ ድምፅዋ ግን ሰፈር የሚቀሰቅስ። ጓደኞቿ ጡሩምባ ይሏታል።

ካውያ በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች። «ልጄን ለልመና አላቀርብም» አለች።

«ልመና አይደለም እናቴ» አለች ጡሩምባ። «ቆመን ነው የምናገኘው። ሰው የሚሰጠን ለቆምንበት ሰዓት ነው፤ ከተቀመጥን አይሰጠንም።»

ካውያ በሩን ለቀቀችው። «ቆማችሁ?»

«ቆመን። ቀኑን ሙሉ።»

«ታዲያ እንደኔ በይኛ» አለችና አስገባቻቸው።

ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ የገባት ያን ቀን ይመስለኛል። ማታ አንሶላዋን እያነጠፈች «በነፃ አይደለም እኮ» አለችኝ ሁለት ሦስቴ። እኔ መች ተከራከርኳት።

የዳንሱ ዕለት ጠዋት እኔ ሥራ ነበርኩ፤ የሆነውን ኋላ ፌንጣ ናት የነገረችኝ። አዳራሹ በር ላይ ጡሩምባ ተቀብላቸዋለች። መቀመጥ የተፈቀደው ለታመሙት ልጆች ብቻ ነውና ለፌንጣ ከመድረኩ ሥር አንዲት ወንበር፣ ያቺን አንዲቷን ብቻ፣ አስቀምጠውላታል። ጡሩምባ ቢጫ ሪባን ለልጅቷ አሰረችላት። ቀና ስትል ካውያን አየቻትና ለእሷም አሰረችላት። «እርስዎም የኛ ቡድን ነዎት!» አለቻት፣ አቅፋ ስማ። ክፋት የለባትም፤ እንዲያውም ደግ ልጅ ናት። ግን ካውያ የተነገራትን ቃል የምትረሳ ሰው አይደለችም። ብዙም ሳይቆይ ድምፅ ማጉያው ጮኸ፦ «ሪባን ያሰረ አይቀመጥም! አንድ ሰው ከተቀመጠ ቡድኑ በሙሉ ይወጣል!» አዳራሹ በጩኸት ተቀበለው። ካውያ እጇን አየች፣ ጫማዋን አስተካከለች፣ ቆመች።

እኔ የፌንጣን መድኃኒትና ትንሽ ዳቦ ይዤ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ላብ ላብ ይሸታል። ተማሪዎቹ ጠዋት እንዴት እንደነበሩ አላውቅም፣ እኔ ሳያቸው ግን መደነሱ ቀርቶ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይወላወሉ ነበር። አንዷ ጫማዋን በጥርሷ ነክሳ ባዶ እግሯን ትወዛወዛለች። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጓደኛው ትከሻ ላይ ተለጥፏል። ካውያ ከፌንጣ ወንበር ጀርባ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታዋለች፤ እግሯ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ከጫማው አፍ ላይ ሞልቶ ወጥቷል።

«ምነው? ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ደህና ነኝ።»

«የምን ደህና! ነይ እዚህ ወለሉ ላይ ትንሽ አረፍ በይ።»

«ኧረ ድምፅሽን ቀንሺ!» አለችና እጇን ከፍ አድርጋ ሪባኑን አሳየችኝ። «ከቡድኑ ነኝ። እኔ ከተቀመጥኩ ሁሉም ይወጣሉ። ማሽኑ ይቀራል።»

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በዚህ አትቀልድም።

«አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? አንቺን ማን ደንሺ አለሽ? ቆይ፣ ሄጄ ልጠይቃቸው።»

ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አንሶላ ስትዘረጋ የሚኖራትን ያን ጉልበት ታውቁታላችሁ? በዚያ ያዘችኝ። «እንዳትነግሪያቸው! ቅድም ግድግዳ ተደግፌያለሁ። ትንሽ ነው… መደገፍ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። ከጠየቅሻቸው ያውቁብኛል።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «እታለም፣ ሙች ልበልሽ፣ አንቺን የሚያይ የለም» አልኳት።

«እኔ አያለሁ» አለች። «ደግሞስ ይህን ሁሉ ሰዓት የሰው ልጆች ለልጄ ሲቆሙ እኔ ምን ላድርግ? ልቀመጥና ላጨብጭብ? ተዪኝ። ልጄን በልመና አይደለም የማድናት። ቆሜ ነው።»

ተውኳት። ያላየሁት ግን ፌንጣ ከፊታችን ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ስትሰማ እንደነበር ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ሲቃረብ ሙዚቃውን ዝቅ አደረጉና በየቡድኑ የተመረጡትን ልጆች ወደ መድረክ ማውጣት ጀመሩ። ይህም ልማዳቸው ነው፤ ልጁ ሁለት ሦስት ቃል ያመሰግናል፣ ሰው ሆዱ ይባባል፣ ቃል ያልገባው ይገባል። ፌንጣ የምትለውን ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው ነበር፣ እኛም ስንሰማ ስንሰማ በቃላችን ይዘነዋል። ጡሩምባ አቅፋ አወጣቻትና ማይክራፎኑን ያዘችላት።

ልጅቷ ዝም አለች። ረሳችው ብዬ ከታች ሆኜ «ወንድሞቼና እህቶቼ…» እያልኩ አፌን አንቀሳቅስላታለሁ። እሷ እኔን አታይም፤ እናቷን ነው የምታይ።

«እናቴን አስቀምጡልኝ» አለች።

በጣቷ ወደ እናቷ ጠቆመች። «ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። እግሯን ያማታል፣ ግን አትናገርም። እባካችሁ እናቴን አስቀምጡልኝ።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ካውያን አየ። ቢጫውንም ሪባን አየ። ጡሩምባ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። የሚገርመው ማይክራፎኑን አልለቀቀችም።

«ውይ እናቴ!» አለች። «ሕጉ እኮ እርስዎን አይመለከትም! ሪባኑን ለማስታወሻ ነው ያሰርንልዎት! እርስዎ እንግዳችን ነዎት፣ ምን በወጣዎት፣ በሉ ይቀመጡ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ሲያሳዝኑ!» ይላል አንዱ፣ «እናት እኮ ናት!» ትላለች ሌላዋ፤ ገሚሱ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻታል። ሁለት ጎረምሶች ወንበር ፍለጋ ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ቁልፉን የያዘው ልጅ ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚወላወል እስኪገኝ ሌላ ሁካታ ሆነ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ ወንበሯን ከራሳቸው በላይ ተሸክመው መጡና አዳራሹ መሃል፣ ካውያ ፊት አስቀመጧት።

እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። እዚያ ካሉት ሁሉ እሷን የማውቅ እኔ ነኝና የሆነውን እናገራለሁ። ስለቆመች አላፈረችም። ቀኑን ሙሉ በእግሯ የገዛችው ነገር ባዶ እንደሆነ፣ በሰው ፊት፣ በፍቅር፣ በጭብጨባ ስለተነገራት ነው ያፈረችው። ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዷ ነበረች፤ አሁን የሚታዘንላት ሆነች። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያዝንላት ምን ታድርግ? ተናደድኩ። በጡሩምባም፣ በአጨብጫቢውም፣ በዚያ በተሸከሙት ወንበርም ተናደድኩ።

«ስንት ቀረ?» አለች ካውያ።

ጡሩምባ ከመድረኩ ወርዳ መጣች። «ትንሽ ናት እናቴ፤ ግን እርስዎ…»

«እንግዲያው እጨርሳለሁ።»

ሙዚቃውን መልሰው ከፈቱት። ወንበሯ ባዶዋን መሃል ላይ ቀረች፣ ካውያም አጠገቧ፤ ማንም ወደዚያ ማየት አልፈለገም። ፀሐይ ጠለቀችና የማብቂያው ደወል ተደወለ። ያኔ ያ ሁሉ ወጣት እንደታጨደ ሣር ወለሉ ላይ ተዘረረ። የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ እግሩን ይዞ የሚጮህ አለ። አዳራሹ ውስጥ የቆመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ልጇን ከመድረኩ አወረደቻትና «እንሂድ» አለችኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ መቀመጫ ሞልቷል። ካውያ ብረቱን ይዛ ቆመች። ፌንጣ ጭኔ ላይ ሆና «ተቆጣሽ እማ?» አለቻት። «አልተቆጣሁም» አለች። ልጅቷ አላመነቻትም፤ እስክንወርድ የእናቷን እጅ ይዛ ሪባኑን ስትነካካ ነበር። ቤት እንደገባን ካውያ ሪባኑን ፈታችው። ላብ አጨማዶታል። ካውያውን አግላ፣ ጨርቅ አልብሳ፣ ቀስ አድርጋ ተኮሰችውና አጥፋ ሰጠችኝ። «ሲመጡ መልሺላቸው። የማስታወሻ ነገር አልፈልግም።»

ጡሩምባ በሳምንቱ ብርቱካን ይዛ መጣች። ድምፅዋ ቀንሷል። ይቅርታ ልትል ነበር፣ ከየት እንደምትጀምር ግን አላወቀችም። ካውያ ወንበር ሳበችላት። ልጅቷ ወንበሯን አየችና ቆማ ቀረች። ሁለቱም ተፋጠው ቆመው ስለ ብርቱካኑ መጣፈጥ አወሩ። ሪባኑን ስሰጣት ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ጊዜ ቁጣዬ በረደልኝ።

ማሽኑ ተገዛ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ልጆች ናቸው ቆመው ያመጡት። እስኪተከል፣ ባለሙያ እስኪሰለጥን ፌንጣ ደረጃው መሃል «የምታስብበት» ጊዜ እየበዛ ሄደ። ሥራ ቦታም ቀልዳችን ቀረ፤ ቆመሽ ልትቀሪ ነው የሚላት ጠፋ።

ቀኑ ደረሰና ፌንጣን ወሰዷት። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ግድግዳውን ተከትሎ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ሁሉም ባዶ። እኔ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ካውያ በሩ ፊት ቆመች። የምታልፍ ነርስ ሁሉ «ይቀመጡ እንጂ እናቴ» ትላታለች፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እግሯ በካልሲው ላይ ሲያብጥ ይታየኛል። «ሕጉ አንቺን አይመለከትም» ብዬ ልቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንዲህ ያለ ቀልድ ከአፍ ካወጡት አይመለስም። ከዚህ በፊት ሺህ ጊዜ ተቀመጪ ብያታለሁ፤ ያን ቀን አላልኩም። ተነሳሁና አጠገቧ ቆምኩ። ዞር ብላ አየችኝና ትከሻዋን ወደኔ አስጠጋች።

ብዙ ቆየን። እግሬን እያቀያየርኩ ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንዴት ቻለችው እያልኩ ነበር። በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ወጣ። የፊት መሸፈኛውን ወደ አገጩ አወረደ። ካውያን አየና «ይቀመጡ» አላት።

ሐኪም ይቀመጡ ሲል ምን ሊል እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? የካውያ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

«ቆሜ እሰማለሁ» አለች።

ዶክተሩ ግራ ተጋባ። ፊታችንን አይቶ ነው መሰለኝ ደነገጠ። «ኧረ እንደሱ አይደለም! ልቧ በራሱ እየመታ ነው። ገና ከአደጋ አልወጣችም፣ ወሳኞቹ የሚመጡት ቀናት ናቸው፣ ያን አልደብቅዎትም። ይቀመጡ ያልኩት አደራ ስላለብኝ ነው። ልናስተኛት ስንል እጄን ይዛ አስምላኛለች። ‹ስትወጣ መጀመሪያ እናቴን አስቀምጥልኝ፣ ሌላውን ከዚያ ትነግራታለህ› ብላ።»

ካውያ ዶክተሩን አየችው። በሩን አየች። ከዚያ ወደ ወንበሮቹ ዞረች፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ የወንበሩን ጠርዝ እንደ ዓይነ ስውር ዳበሰችና ተቀመጠች። እኔም ጎኗ ተቀመጥኩ። መዳፏን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«እግሬን አመመኝ» አለች።

በዚህ ሁሉ ዓመት ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ጎንበስ አልኩና ጫማዋን አወለቅኩላት፤ አልከለከለችኝም።